«የሞጣዋ የለችም?»

በቀብሯ ቀን እንኳ ቀናሁባት።

የይታይሽን ማረፍ የነገሩኝ ሁለታችንንም የቀጠሩን ጋሼ ገረመው ናቸው። አመሻሽ ላይ ደውለው «ስመኝ፣ ይታይሽ አረፈች» አሉኝ። መታመሟን ሰምቼ ነበር። ባሕር ዳር እየተመላለሰች እንደምትታከምም አውቅ ነበር። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ሁለት ወር አለፈ። በማግስቱ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሄድኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ ሰው እስከ አስፋልቱ ድረስ ቆሟል። የገጠር ሴቶች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ አስተማሪዎች፣ ከግቢው በር ውጭ በአንድ በኩል የተሰበሰቡ የሙስሊም ነጋዴ ሚስቶች። አጠገቤ የቆመች አንዲት የማላውቃት ሴት ጉንጯን በመዳፏ እየዳበሰች «ይኸን ፊት የመለሰችልኝ እሷ ናት» ትላለች፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሷ ነው። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ በልቤ አንድ ነገር አሰብኩ፦ እኔ ብሞት የዚህ ሰው እኩሌታ ይመጣል? ካወቅኋት ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ዘጠኙንም ዓመት እንዲህ ነበርኩ። ሞታም አልተውኳት።

ስለሷ ላወራ ስነሣ ቅናቴን ደብቄ ማውራት አልችልም፤ ያየኋት በቅናት ዓይን ነውና። ቅናት ክፉ ቢሆንም አስተዋይ ነው። የሚቀናበት ሰው አንዲት እንቅስቃሴ እንኳ አታመልጠውም። እህቶቿ ያላዩባትን እኔ ሳላይ አልቀረሁም።

ይታይሽ የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ። ጋሼ ገረመው ቢቸና ባለው ፋርማሲያቸው ሲቀጥሯት እኔ እዚያው አራት ዓመት ሠርቼ ነበር። ሁለታችንም ድራጊስቶች ነን፤ በትምህርትም በደመወዝም አንበላለጥም። በዕድሜ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ቀጭን ናት፣ አንገቷ ረዘም ያለ ነው፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቁንጅናዋ ይኸን ያህል የሚወራለት አልነበረም። ፊቷ ግን እንደ ጠለለ ማር ነው፤ ጠይም ሆኖ አንዲት ነጥብ የሌለበት። እኔን ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ሁለቱንም ጉንጮቼንና ግንባሬን ማድያት ይዞኝ ነበር። የመጀመሪያ ዕለት ገብታ ሰላም ስትለኝ ዓይኔ ከፊቷ ላይ አልነሣ አለኝ። እሷም አየችኝ። ስለ ፊቴ ግን ያን ዕለትም ሆነ በሌላ ቀን አንድ ቃል አልተናገረችም። ይኸንን እንደ ንቀት ቆጠርኩት።

ፋርማሲው ውስጥ የፊት ቅባት ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ ይሸጥ ነበር። የኛ አገር ፀሐይ አታላይ ናት። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው ሙቀቱ ሳይሰማው ይውልና ፊቱ ጠቁሮ ቤቱ ይገባል። ሴቶቹ መጥተው «የሚያነጣ ስጪኝ» ነው የሚሉን። እኔም የጠየቁኝን እሰጥ ነበር። ይታይሽ ግን ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቀውን የሚያነጣ ክሬም ሁሉ ከመደርደሪያ አወረደችና፣ ጋሼ ገረመውን ለምና አስለምና በምትኩ የቫይታሚን ሲ ሴረም አስመጣች። አውራ ጣት የምታህል ጠቆር ያለች ጠርሙስ ናት፤ ክዳኗ ላይ ባለው ጎማ እየተመጠጠ በጠብታ የሚወጣ ፈሳሽ አለባት።

«ይኸ ምን ያደርጋል?» ሲሏት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«አያነጣሽም። የጠቆረውን ቀስ እያለ ያፈካዋል፣ ፊትሽን ወደ ራሱ መልክ ይመልሰዋል። ፀሐይንም ለመቋቋም ያግዝሻል፤ ብቻውን ግን አይችላትም፤ በላዩ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ትቀቢበታለሽ። ሦስት ወር፣ አራት ወር ይፈልጋል። ከቸኮልሽ አትግዢው።»

ሻጭ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያም ጠርሙሱን ከፍታ አንዲት ጠብታ በነጭ ሶፍት ላይ ታንጠባጥብና ወደ በሩ ብርሃን ታስጠጋዋለች። ውኃ ከመሰለ ወይም ፈዘዝ ያለ የጭድ መልክ ካለው ጥሩ ነው። «ቤትሽ ወስደሽው ሻይ ከመሰለ አትቀቢው፤ አልፎበታል» ትላታለች። ቀጥላ የሴትዮዋን ክንድ ገልብጣ ከክርኗ በታች በውስጥ በኩል ጠብታ ትቀባላትና፣ «በይ አሁን ሂጂ። ሁለት ቀን ቆይተሽ ካላሳከከሽና ካልቀላ ያኔ ትገዣለሽ» ብላ ባዶ እጇን ትሸኛታለች። ጋሼ ገረመው ይኸን ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ። እኔ ደስ አለኝ፤ ከሁለት ወር በላይ እዚህ አትቆይም አልኩ። የተሸኙት ሴቶች ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ፤ ጎረቤታቸውንም ይዘው ነው የመጡት።

ያች ጥያቄ የተጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው በሩ ላይ ይቆምና እኔን አልፎ ወደ ውስጥ እያየ «የሞጣዋ የለችም?» ይላል። የራስ ምታት ኪኒን ሊገዛ የመጣው ሳይቀር። «ምን ፈልገህ ነው?» ስለው፣ «ግዴለም፣ እጠብቃታለሁ» ይለኛል። አራት ዓመት ሙሉ በስሜ እየጠሩ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉኝ።

የባሰብኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። አንድ ቀን ግንባሯ ላይ ስለወጣው ጥቁረት ልትጠይቅ መጣች። እኔ ልጇ እዚያው ቆሜ፣ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ እሷ ትየኝ» አለችኝ። ይታይሽ የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አስቀመጠቻትና፣ «እማማ፣ በርበሬ ሲያሰጡ ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኧረ ቀኑን ሙሉ» አለች እናቴ።

«እንግዲያው ለርስዎ ሴረም አይደለም የሚያስፈልግዎት። ሰፋ ያለ ባርኔጣ ነው።»

እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ካየሁ ቆይቼ ነበር። ባርኔጣውን ገዝታ ሰፈሩን ሁሉ አሳየች። «ያች ልጅ ሰው ናት» አለችኝ። እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ አላልኳትም። በልቤ ግን ብያታለሁ።

አነጋገሯን ከአባቷ ወርሳለች። «ቆዳ ቂም ይይዛል» ትል ነበር፤ ዛሬ የበደልሽው ከወር በኋላ ነው መልሱን የሚሰጥሽ ማለቷ ነው። «ፀሐይን ሳይከልሉ ሴረም መቀባት ጣራው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው» ትል ነበር። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሎሚም ቫይታሚን ሲ አይደለም ወይ ብላ ሎሚ ፊቷ ላይ አሽታ ፀሐይ ላይ ውላ፣ ፊቷ ተለብልቦ መጣች። ይታይሽ አልተቆጣቻትም። ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ጨርቅ እያቀዘቀዘችላት፣ «ገብስም ጠላም ከአንድ ማሳ ነው የወጡት። ገብስ ቆርጥሞ የሰከረ ግን አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች።

እኔ እነዚህን አባባሎች እሷ በሌለችበት እንደ ራሴ አድርጌ እናገራቸው ነበር። አንድ ቀን ለአንዲት ደንበኛ «ቆዳ ቂም ይይዛል» ስላት ፈገግ አለችና፣ «የይታይሽን ነገር አነሣሽው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለትን መረጥኩ።

ሴረሙ የራሱ ጣጣ ነበረው። ብርሃንና ሙቀት አይወድም። «እንደ ምስጢር ነው፤ ጨለማ ውስጥ ነው የሚቆየው» ትል ነበር ይታይሽ። ጋሼ ገረመው ደግሞ ነጋዴ ናቸው፤ ያልታየ ዕቃ አይሸጥም ብለው ስምንት ጠርሙስ መንገድ ዳር ባለው መስታወት ውስጥ ደረደሩ። ይታይሽ ተው አለቻቸው።

«ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቀጥታ ነው የምትመታው። ባዶ ካርቶኑን እናስቀምጥ። ሰው ካርቶኑን ይይ፣ ጠርሙሱ ከውስጥ ይሁን።»

«ባዶ ካርቶን ደርድሬ ሰው ሊስቅብኝ?»

ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። በመጨረሻ እሺ ብለው ሲያወጧቸው ስምንቱም ጠብታቸው ሻይ መስሏል። ይታይሽ በአንድ ካርቶን ከታ ከመደርደሪያው ሥር አስገባቻቸውና በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አይሸጥም» ብላ ጻፈች።

በዚያው ሰሞን የአባቷ ሙት ዓመት ደረሰና ለአንድ ሳምንት ወደ ሞጣ ሄደች። ያ ሳምንት የእኔ ነበር። «የሞጣዋ የለችም?» ሲሉኝ «የለችም» እላለሁ፤ ይኸንንም ማለቱ ደስ ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን መምህርት ፀዳለ መጣች። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፣ የእኔ እኩያ። ብጉር ሲድን ጉንጮቿ ላይ ጥቁር ጥቁር ምልክት ጥሎባት ነበር።

«ይታይሽ የለችም?»

«የለችም። ምን ልርዳሽ?»

«ሴረሙን ፈልጌ ነበር። ግዴለም፣ እስክትመጣ እጠብቃለሁ።»

«እኔም የተማርኩት እሷ የተማረችውን ነው» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ፀዳለ አፈረች። «ኧረ እሱማ አውቃለሁ፤ እንዲያው ነው ያልኩት» አለች። «በይ ስጪኛ።»

ደህናው ሴረም አልቆ ነበር። አልቋል ማለት ነበረብኝ። አልቋል ካልኳት ግን ይታይሽን ልትጠብቅ ነው። ጎንበስ አልኩና «አይሸጥም» ከተጻፈበት ካርቶን ውስጥ አንዱን አወጣሁ። ፀዳለ የይታይሽን ሥርዓት ከሌሎች ሰምታ ነበርና ሶፍት ላይ እንዳንጠባጥብላት ጠየቀችኝ። አንጠባጠብኩላት።

«ትንሽ አልጠቆረም?»

«ይኸ ጠንካራው ነው። ቶሎ የሚሠራው ይኸ ነው።»

ክንድሽ ላይ እንሞክረው አላልኳትም። የይታይሽ ሥርዓት ነዋ። ስለ ፀሐይ መከላከያም አላነሣሁም። «ጧትና ማታ ደህና አድርገሽ ተቀቢው። አንድ ወር አይፈጅብሽም» አልኳት። ስትወጣ ዞር ብላ «ስመኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ፤ በስሜ ጠርታ። ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ይኸን ዛሬ ስጽፈው ፊቴን ያቃጥለኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

ፀዳለ የተመለሰችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ተሸፋፍናለች። ይታይሽ ከሞጣ ተመልሳ ከፊት ቆማ ነበር፤ እኔ ከኋላ መድኃኒት እደረድራለሁ። ነጠላውን ስትገልጠው ሁለቱም ጉንጮቿ ተልጠዋል። መሐሉ ቀልቷል፣ ዳር ዳሩ ከሰል መስሏል። ሲያቃጥላት እየሠራ ነው ብላ ጨምራበታለች። ክፍል የምትገባው ተሸፋፍና ነው፤ ተማሪዎቹ ስሟን ትተው ሌላ ስም አውጥተውላታል። ስሙን ልትናገር ጀምራ ተወችው።

«ጠርሙሱን ይዘሽዋል?» አለቻት ይታይሽ።

ፀዳለ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ይታይሽ አንዲት ጠብታ ሶፍት ላይ አንጠባጥባ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። አሁን ዞራ ታየኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልዞረችም። ፀዳለን በክንዷ ይዛ ከኋላ ወዳለችው ትንሽ ክፍል አስገባቻትና በሩን ዘጋችው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲወጡ ፀዳለ እኔን ሳታይ አልፋኝ ሄደች።

ይታይሽ ውሸት አትናገርም። ይኸን አገር ያውቃል። ስለዚህ ጋሼ ገረመው እስኪጠሩኝ ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ። አልጠሩኝም። ልንዘጋ ስንል ይታይሽ ካርቶኑን ከመደርደሪያው ሥር ጎትታ አወጣችው። ሰባት ጠርሙስ ነው ያለው።

«ያኔውኑ መድፋት ነበረብኝ» አለች። «ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው።»

የገንዘብ መሳቢያውን ቆለፍኩ።

«ግማሹን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ሰባቱንም ጓሮ ወስዳ ደፍታ ተመለሰችና እጇን ታጠበች። አብረን በቆየንበት በቀረው ዓመት አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ብትጮህብኝ በተሻለኝ። ለጋሼ ብትናገርብኝ የምጠላበት ምክንያት ባገኘሁ። ከጥፋቴ እንኳ ግማሹን ወሰደችብኝ፤ በዚህም ቀናሁ።

በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ፀዳለ ቤት ትሄድ ነበር። ሴረሙንም፣ ጠረን ያለውን ሳሙናም፣ ሁሉንም አስጥላ ቫዝሊንና ጃንጥላ ብቻ አዘዘችላት። ቆዳው በራሱ ጊዜ እንዲድን ተዪው አለቻት። ስድስት ወር ፈጀ። ፊቷ ተመለሰ፤ በቀኝ ጉንጯ ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ምልክት ግን ቀረች። መንገድ ላይ ከሩቅ ሳያት ያችን ምልክት ላለማየት ወደ ማዶ እሻገር ነበር።

በዓመቱ ይታይሽ ወደ ሞጣ ተመልሳ የራሷን ትንሽ ፋርማሲ ከፈተች። እሰይ ተገላገልኩ አልኩ። ቢቸና ለኔ ቀረች። ምን ዋጋ አለው፤ ሴቶቹ ሚኒባስ እየተሳፈሩ ሞጣ ይሄዱ ጀመር። ዘመድ ልጠይቅ፣ ለቅሶ ልደርስ ይላሉ፤ ሲመለሱ ያች ጠቆር ያለች ጠርሙስ በወረቀት ተጠቅልላ ከቦርሳቸው ውስጥ አለች። በየገበያው ሌላ አስመሳይ ሴረም መሸጥ ሲጀምር ደግሞ ጭራሽ ከሷ እጅ ካልሆነ አንገዛም አሉ።

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ማድያቱ ባሰብኝ። ለሰው የምመክረውን ለራሴ መምከር አቃተኝ። ሴረሙን ከመደርደሪያችን ወሰድኩና ቶሎ እንዲለቅልኝ ከሚልጥ ክሬም ጋር ደርቤ ተቀባሁት። ለበለበኝ። ተውኩት። ማድያቱ ሲጠቁር መልሼ ተቀባሁት። እንዲህ ስል ዓመታት ሄዱ። ባሌ አንድ ጧት «ያች የሞጣዋ ልጅ ይኸን ነገር አታውቅም ነበር?» አለኝ፤ በቅንነት ነው ያለው። ለሦስት ቀን አላናገርኩትም። በአራተኛው ቀን ጨርቅ እገዛለሁ ብዬ ሞጣ ሄድኩ። ይኸ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው።

ፋርማሲዋ በር ላይ ስቆም ይታይሽ ቀና አለች። «ስመኝዬ፣ ግቢ እንጂ» አለችኝ፤ ትናንት የተለያየን ነው የሚመስለው። ምንም ሳልናገር በበሩ ብርሃን አጠገብ አስቀመጠችኝና አገጬን በጣቷ ቀና አድርጋ ፊቴን አየችው። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ፊት ጎን ቆሜ አንድ ቀን ላግዝሽ አላልኩሽም» አለችኝ። «ሳትጠይቀኝ ባነሣባት ይከፋታል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ይቅርታ ልጠይቅ እኔ ሄጄ፣ ይቅርታውን ከአፌ ቀድማ ወሰደችው። ምን እንደምቀባ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«የሚልጠውን ጣይው። ከሴረሙም ጉልበቱ አነስ ያለውን እሰጥሻለሁ፤ ጧት ጧት፣ በሁለት ቀን አንዴ፣ ሦስት ጠብታ። በላዩ የፀሐይ መከላከያውን። እሱን የማትቀቢ ከሆነ ይኸንንም አትውሰጂ።»

«አንቺስ ስንት ጠብታ ነው የምትቀቢው?» አልኳት። ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ በሆዴ ይዤው የኖርኩት ጥያቄ ነው።

አፏን ሸፍና ሳቀች። «እኔማ አልቀባም። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ፊቴ ቀላ። የኔ ቆዳ አይችለውም።»

«ታዲያ ይኸ ፊት?»

«ፊቱ የእናቴ ነው። ጃንጥላዬም አለ። ለጠየቀኝ ሁሉ ነግሬያለሁ። አንቺ አልጠየቅሽኝማ።»

ያን ሁሉ ዓመት ከደንበኞች የምትደብቀውን አንድ የተለየ ነገር ለራሷ የምትቀባ ይመስለኝ ነበር። ቦርሳዋን የከፈትኩበት ቀን እንኳ ነበር፤ ከማበጠሪያና ከትንሽ የጸሎት መጽሐፍ በቀር ምንም አላገኘሁበትም።

ልሄድ ስነሣ ድፍረት አገኘሁና፣ «ይታይሽ፣ የዚያን ጊዜው የፀዳለ ጠርሙስ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ለኔ አይደለም የሚነገረው» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ከሷ ይልቅ በእኔ በኩል አጋድላ ይዛ እስከ ሚኒባሱ ሸኘችኝ።

በአምስተኛው ወር ግንባሬ ጠራ። ጉንጮቼ ላይ ያለው ሙሉ በሙሉ ባይለቅም ደበዘዘ፤ ሙሉ በሙሉ እንደማይለቅም አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ሰው «ፊትሽ በራ» ሲለኝ ደስታዬ ግማሽ ነበር። የራሴ ፊት እንኳ የሷ ሥራ ሆነ። ፀዳለ ጋ መሄዱን ግን አልሄድኩም። ትምህርት ቤቱ ከፋርማሲው በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ሞጣ ድረስ የሄድኩ ሴት አሥር ደቂቃዋን መንገድ ሁለት ዓመት ሙሉ አልችላት አልኩ።

ከቀብሩ በተመለስኩ በሳምንቱ ሄድኩ። ፀዳለ በእረፍት ሰዓት ከመምህራን ማረፊያው ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ደብተር ታርማለች። እሷም ቀብሩ ላይ ነበረች፤ ከሩቅ ተያይተን ሳንነጋገር ተለያይተናል። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ፀዳለ፣ ያ የሰጠሁሽ ጠርሙስ የተበላሸ መሆኑን አውቅ ነበር። ጠንካራው ነው ያልኩሽ ውሸት ነው።»

ደብተሮቹን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን ጀምሮ። ፋርማሲው ኋላ ባለችው ክፍል ይታይሽ ነገረችኝ። ‹ይኸ የተበላሸ ነው፤ አውቃ ነው የሰጠችሽ። ለጋሼም ብትነግሪ፣ ብትከሺም እውነትሽን ነው፤ እኔም እመሰክርልሻለሁ› አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ‹ከቻልሽ ግን ጠብቂያት። ራሷ መጥታ ትነግርሻለች› አለችኝ።»

«እስከ መቼ ጠብቂያት አለችሽ?»

«እኔም ይኸንኑ ጠየቅኋት። ‹እሱን አላውቅም› አለችኝ።»

ደወል ተደወለ። ተማሪዎቹ እየተጋፉ ወደየክፍላቸው መግባት ጀመሩ። ፀዳለ አልተነሣችም።

«በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ትደውልልኝ ነበር» አለች። «ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ፊቴ ትጠይቀኛለች። መጨረሻ ላይ ‹መጣች?› ትለኛለች። ‹አልመጣችም› እላታለሁ። ‹ግዴለም፣ ትመጣለች› ትለኛለች። ባለፈው እንቁጣጣሽም ታማ እያለች ይኸንኑ ነው ያለችኝ።»

እኔ በሷ ስቀና በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ እሷ እኔን ስትጠብቅ ኖራለች።

ፀዳለ ደብተሮቿን አቅፋ ተነሣች።

«ለሚመጣው እንቁጣጣሽ ብትደውል ‹መጣች› እላት ነበር» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች።